የባንቺአምላክ ባሊጃ

ባንቺአምላክ ወደ ጀርመን ለመሄድ ባሊጃዋን ያሰናዳች ጊዜ እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ከክፍሏ ደፍ ላይ እቆምና ይህ ይግባ፣ ይህ ይቅር እያልሁ አማክር ነበር። ከባሕር ዳር ወጥቼ የማውቀው መራዊ ገበያ ድረስ ቢሆንም፣ ስለ ጀርመን ብርድ ያልሰጠሁት አስተያየት አልነበረም።

ዛሬ ባንቺ የለችም። ማረፏን የሰማሁት በስልክ ነው። ገበያ ቆሜ ሽንኩርት ስመርጥ ስልኬ ጮኸ፤ አንድ የማላውቀው ድምፅ «የባንቺአምላክ ወዳጅ ነዎት? አርፋለች እኮ፣ አልሰሙም?» አለኝ። ሽንኩርቱን እንደያዝሁ ቀረሁ። ሻጯ «ይመዘን?» አለችኝ። ይመዘን አልኋት፤ ተመዘነ። መርዶ ዛሬ እንዲህ ሆኗል። በእኛ ጊዜ መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ በር ተንኳኩቶ ነው። ሰው ብቻውን ሆኖ ወይም መንገድ ላይ ቆሞ እንዳይሰማው ይጠነቀቁለታል። ያ ጥንቃቄ ራሱ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል ያየሁት በባንቺ ነው።

ባንቺ የደቅ ደሴት ልጅ ነበረች። አባቷ መሪጌታ ልሳነወርቅ እዚያው ደሴቱ ላይ ዜማ ያስተምራሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ሊድሯት ድግስ ተጀመረ። እናቷ፣ ወይዘሮ እናኑ፣ ጠላው ተጠንስሶ ሳለ ልጃቸውን ይዘው ወደ ዳር ወረዱና፣ ማገዶ ሊሸጥ ወደ ባሕር ዳር በሚቀዝፍ ሰው ታንኳ ላይ፣ በእንጨቱ መሐል አስቀምጠው አክስቷ ዘንድ ላኳት። መሪጌታ ሚስታቸውን ረዘም ላለ ጊዜ አኮረፉ፤ ልጅቱን ደግሞ ከዚያ የበለጠ። የታረቋት ኮሌጅ ውስጥ ረዳት መምህርት ሆና ከተቀጠረች በኋላ ነው፣ ያውም በስንት አማላጅ።

ይህን ታሪክ ስትናገር ትስቃለች። «እኔ እኮ ማገዶ ሆኜ ነው ባሕር ዳር የገባሁት» ትልና አፏን በእጇ ጀርባ ትሸፍናለች። በመዳፏ ሸፍና አታውቅም፤ መዳፏ ሁልጊዜ ዓሣ ዓሣ ይሸታል። ሥራዋ ዓሣ ማጥናት ነበር። አጥማጆቹ ታንኳቸውን ወደሚያስጠጉበት ዳርቻ ባልዲ ይዛ ትወርዳለች፤ ይዛ የመጣችውን ዓሣ ግቢ ውስጥ በሳንቃ ላይ አጋድማ ሆዱን ትከፍታለች፤ እንቁላሉን ታወጣለች፤ አንድ ነገር ትጽፋለች። እትዬ ዘነቡ ይህን ሲያዩ ያማትባሉ።

«ዓሣው ምን አጠፋ ብለሽ ነው የምትመረምሪው? ቀበሌ ነሽ እንዴ?»

«ቀስ ይበሉ እትዬ፣ ቀበሌዎቹ ይሰማሉ።»

«ይስሙ። እነሱም ሆድ እየከፈቱ ምንም አላገኙ።»

እትዬ ዘነቡ የግቢው እመቤት ናቸው፣ የቆላ ድባ ሰው። በዚያ ዘመን ቤት ማከራየት ክልክል ስለነበረ ባንቺ ለስሙ የአክስታቸው ልጅ ተብላ ነበር ጓዳቸው አጠገብ ያለችው ክፍል ውስጥ የምትኖረው። እኔና ባለቤቴ አላምረው በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቶች ነበርን፤ አጥሩ ግን ከወደቀ ቆይቶ ነበር፣ ማንም አላነሣውም።

ባንቺ ጽሑፍ አይታ ማለፍ አትችልም ነበር። ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ይሁን፣ የመድኃኒት ካርቶን ይሁን፣ ሳታነበው አትጥለውም። እኔ ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከፊደል ወደ ንባብ ያሻገረችኝ ግን እሷ ናት። ብጫቂ ወረቀት ሁሉ አፍንጫዬ ሥር ትይዝና፣ «እስቲ ይህ ምን ይላል?» ትለኛለች። የመንግሥት ጋዜጣ ነውና ሁልጊዜ የሚለው ስለ ምርት ዕድገት ነው። ስሳሳት አታርመኝም፤ «መጀመሪያ እንየው» ትላለች፣ ዓሣውንም እንዲሁ እንደምትለው። ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያ ንባብ ነው።

ወደ ጀርመን፣ ወደ ምሥራቁ ማለቴ ነው፣ ዓሣ የሚጠናበት ትምህርት ቤት አንድ ሴሚስተር እንድትማር ስሟ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ተሰርዟል፤ በቦታዋ ካድሬው የወደደው ሰው ሄደ። በሦስተኛው የመውጫ ፈቃዷ እጇ ገባ። ያን ጊዜም ተጠባባቂ የሚባል ሰው ነበር፤ እሷ ከዘገየች እሱ ይሄዳል። ስለዚህ ሕመም እንኳ ቢይዛት አትናገርም ነበር።

«ሴሚስተር ያልሽው ምንድነው፣ ሰው ነው አገር?» ብለው ጠየቋት እትዬ ዘነቡ።

«መንፈቅ ማለት ነው እትዬ። የዓመት እኩሌታ።»

«እንዲህ በሰው ቋንቋ አትነግሪኝም ታዲያ።»

ባሊጃው የተውሶ ነው። ቡናማ፣ ማዕዘኑ በቆዳ የተጠገነ፣ አንደኛው መቆለፊያው እንቢ የሚል። ካፖርቱን ሩሲያ ተምሮ የመጣ መምህር አዋሳት፤ እጅጌው ጣቶቿን ይውጣል፣ ጫፉ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ይደርሳል። እትዬ ዘነቡ ዙሪያዋን ዞረው አይተው፣ «እንዲህ ሆነሽ ከአውሮፕላን ስትወርጂ ድንኳን መጣ ብለው ይሸሻሉ» አሏት።

«ይሽሹ። እስኪመለሱ ምድጃቸውን እሞቃለሁ።»

በርበሬ ገባ፣ ሽሮ ገባ፣ ዳቦ ቆሎ ገባ። እትዬ ዘነቡ ጀርመን አገር በርበሬ እንደሌለ ሰምተው፣ «ታዲያ ምን በልተው ነው ያን ሁሉ መኪና የሚሠሩት?» እያሉ ለሁለት ቀን ተገረሙ። ጠበል በጠርሙስ አምጥተው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ሲከቱት እኔ ፈራሁ።

«ፈታሹ ምንድነው ቢልሽስ?» አልኋት።

«የጣና ውኃ ናሙና ነው እለዋለሁ። ውሸት አይደለም እኮ፣ ናሙና ነው።»

ሐሙስ ልትበር፣ ሰኞ እኩለ ቀን ላይ አላምረው ያለ ሰዓቱ ወደ ቤት መጣ። ወደቡ ላይ የጀልባ መካኒክ ነበር፤ ከደቅና ከጎርጎራ የሚመጣውን ሰውም ወሬም ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው። ከኋላው የባንቺ ታናሽ ወንድም ዲያቆን ይታየው ነበር። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ያን አይቼ ልጄን ከጀርባዬ አወረድሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

የሞቱት እናትየው ነበሩ። ቅዳሜ ሆዴን ብለው ተኙ፣ እሑድ ተቀበሩ። ይታየው ቁጭ ሳይል የአባቱን መልእክት ነገረን፦ «አትንገሯት። መጀመሪያም የላከቻት እሷ ናት፤ እኔ በእሷ ሞት ልጅቱን አላስቀራትም። ትሂድ።»

እትዬ ዘነቡ ተጠሩ። እቤታችን ውስጥ አራት ሆነን በሹክሹክታ ተመካከርን፤ ባንቺ ኮሌጅ ነበረች። ከተነገራት መቀመጥ አለባት። ደቅ መሻገር፣ ለቅሶ መድረስ፣ አርባውን ማውጣት አለባት። ሐሙስ ያልፋል፣ ተጠባባቂው ይሄዳል፣ አራተኛ ጊዜ ስሟን የሚያወጣ የለም። ካልተነገራት ደግሞ እናቷን ሳታለቅስ ባሕር ልትሻገር ነው።

«ይነገራት» አልሁ። «የምታለቅሰው የገዛ እናቷን አይደለም ወይ?»

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ» አሉኝ እትዬ ዘነቡ፣ ቀስ ብለው። አላምረው መሬት መሬት አየ። ያን ዓይነት ነገር ላይ የእኔ ቃል ምንም አይመዝንም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር የእነሱም ቃል ትክክል ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

እንዲህ ተወሰነ። እዚያው ጀርመን የሚማር የመራዊ ልጅ አለ፤ ይታየው ይጽፍለታል፤ ባንቺ ሄዳ ስትረጋጋ የአገሯን ልጆች ሰብስቦ እሱ ያረዳታል። እስከዚያ ሁላችን አፋችንን እንይዛለን።

ከዚያ እትዬ ዘነቡ ተነሥተው ሄዱና አንድ ጥቁር ቀሚስ ይዘው ተመለሱ። የራሳቸው ነበር። ልጃቸው በቀይ ሽብር ጊዜ ሲገደል ማልቀስ ተከልክሎ ነበርና፣ ያስነከሩት ቀሚስ አንድ ቀን ሳይለበስ ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። ግቢያችን ውስጥ የማያውቀው አልነበረም፤ አንሥተነው ግን አናውቅም።

«እዚያ ስትረዳ ጥቁር ማን ይሰጣታል?» አሉ። «ሐዘን ያለ ልብስ አይወጣም። እኔ አውቀዋለሁ።» በጋዜጣ ጠቀለሉት፤ ባንቺ ሳትመለስ ሄደው ባሊጃው ሥር፣ ከካፖርቱ በታች አስተኙት።

ሌላም ችግር ነበር። እናትየው ከደቅ ጀልባ በተነሣ ቁጥር ለልጃቸው አንድ እሽግ ሳይልኩ ቀርተው አያውቁም፤ ይታየው ግን ባዶ እጁን ነው የመጣ። ከቤቴ በሶ ሰፈርሁ፣ በጨርቅ ቋጠርሁት፣ በሲባጎ አሰርሁት።

ማታ ባንቺ ገባች። ወንድሟን ስታይ ባልዲዋን ጥላ አቀፈችው። ነጠላውን አስተካክሎ ለብሶ ነበር።

«እማ ደኅና ናት? አባስ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ እታለም» አለ ይታየው። ውሸት ከአፉ አይወጣለትም ነበር፤ ቅዳሴ ላይ የሚቆም ልጅ ነው።

«እናትሽ በሶ ልከዋል» አሉ እትዬ ዘነቡ ፈጠን ብለው።

ባንቺ እሽጉን ተቀብላ አገላበጠችው። «እማ ሲባጎ ከየት አገኘች?»

እኛ የረሳነው ይህን ነበር። ወይዘሮ እናኑ እሽጋቸውን የሚያስሩት በደንገል ነው፣ ታንኳ በሚሠራበት፤ ሰንጥቀው፣ አርሰው፣ ባለ ሁለት ጆሮ አድርገው። ልጄ አለቀሰችልኝና እሷን ሳባብል ነገሩ አለፈ፤ ወይም ያለፈ መሰለኝ።

በማግሥቱ ባሊጃውን ልናስመዝን ወፍጮ ቤት ይዘነው ሄድን፤ ሌላ ሚዛን የት ይገኛል? አውሮፕላኑ የሚፈቅደው ሃያ ኪሎ ነው። እህል የተሸከሙ ሴቶች ተሰልፈው ነበር። ባንቺ ስትገባ ጫጫታው ቀጥ አለ። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ኖሯል። አንዷ ተነሥታ ጉንጯን ስማ አለቀሰች፤ «በደኅና ግቢ እናቴ፣ በደኅና ግቢ» አለቻት፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ለመንገደኛ ይለቀሳልና ሊያሳብቅ አይችልም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ባንቺ ግን የነጠላዋን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ነበር፣ ስታስብ እንደምታደርገው።

ወፍጮ ቤተኛው ሚዛኑን አየና፣ «ይህ ለስድስት ወር ነው ወይስ ልትቀሪ ነው?» አላት። ሃያውን በሦስት ኪሎ አልፏል።

ወደ ቤት መልሰን አልጋዋ ላይ ከፈትነው። እትዬ ዘነቡ ማኅበር ሄደዋል፤ ይታየው ከአላምረው ጋር ወደብ ወርዷል። እኔና እሷ ብቻችንን ነበርን።

«እኔ ላውጣልሽ፣ አንቺ አረፍ በይ» አልኋት።

«ምን አደከመኝ?» ካፖርቱን አነሣችና አልጋው ላይ ጣለችው። ከሥሩ ጋዜጣው ወጣ። እንደ ልማዷ ወደ ዓይኗ አስጠግታ ማንበብ ጀመረች። «ስለ ምርት ነው አሁንም» አለች። ቀጥሎ ወረቀቱ በጣቶቿ መሐል ለሰለሰባት፤ ገለጥ አደረገችው።

ልጄን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ እግሬ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አይሄድልኝም።

«ፋንታዬ» አለች።

«አቤት።»

«የማን ነው?»

«የእትዬ ዘነቡ ቀሚስ ነው» አልኋት።

«ቀሚሱንስ አውቀዋለሁ።»

አፌን ከፈትሁ። ልነግራት ነበር፣ ወይም ላለቅስ ነበር። ባንቺ ተነሥታ መጥታ እጇን አፌ ላይ አደረገች፤ በርበሬና ዓሣ ይሸታል።

«አትንገሪኝ» አለች። «ከነገርሽኝ መቀመጥ አለብኝ። አልሰማሁም። መርዶዬ አልመጣም።» እጇን ከአፌ አነሣች። «አባቴ ከሆነ ገና መታረቃችን ነው። እናቴ ከሆነች...» አልጨረሰችውም። «እስካልተነገረኝ ድረስ ሁለቱም አሉኝ፣ ገባሽ? ደቅ ላይ ቁጭ ብለው አሉ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ሌላ ምን ላድርግ?

ቀሚሱን እንደነበረ አጠፈችው፤ የጋዜጣውን ጠርዝ በፊተኛው እጥፋቱ መልሳ ከነበረበት አስቀመጠችው። ካፖርቱን ደረበችበት። ቀጥሎ በርበሬውን አወጣች፣ ሽሮውንም አወጣች። በሶውን ይዛ አሰበችና መልሳ ከተተችው። ዓሣ ስትከፍት የነበራት እጅ ነበር፣ ፊቷ ብቻ የሌላ ሰው ሆኖ።

እትዬ ዘነቡ መጥተው በርበሬውን ወለሉ ላይ ሲያዩ ደነገጡ።

«ምን ምን አወጣሽ?»

«በርበሬና ሽሮ። ሦስት ኪሎ ይሞላል።»

«ሌላ... ሌላ ነገር አላወጣሽም?»

«ሌላ ምን አለ እትዬ?»

እትዬ ዘነቡ በእፎይታ ተቀመጡ። እኔን አዩኝ፤ እኔ ልጄን አየሁ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ እስከ ሐሙስ እነሱ ከእሷ ይደብቃሉ፣ እሷ ከእነሱ ትደብቃለች፣ እኔ መሐል ላይ ሁለቱን ወገን አይቼ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ለማንም መናገር አልቻልሁም። ለእትዬ ዘነቡ ብነግር ሽማግሌ ጠርተው ያረዷታል፤ ለእሷ ብነግር እኔው አስቀራታለሁ። ማታ ማታ ከወደቀው አጥር ወዲያ ድምፅ ይሰማል እንደሆነ ጆሮዬን እጥላለሁ። ምንም አይሰማም። ያን ዝምታ ሰው እንዴት አድርጎ እንደሚያመርተው አላውቅም።

ሐሙስ ጠዋት አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ያን ድንኳን የሚያህል ካፖርት በፀሐይ ለብሳ ቆመች፤ ባሊጃው እንዳይከብድ ብላ ነው። ሁላችንንም ሳመች። ይታየውን ጉንጩን ይዛ ብዙ አየችው፤ ፊቱ ላይ የተጻፈውን እንዳታነብ ራሷን የምትከለክል ይመስል ነበር። በሕይወቷ ሳታነብ ያለፈችው እሱን ብቻ ነው።

«ሁለቱንም ሳምልኝ» አለችው።

«እስማቸዋለሁ» አላት።

ይህ ቃል በቋንቋችን ለሁለት ወላጆችም ይሆናል፣ ለአንድ አባትም በክብር ይሆናል። ይታየው ሳይዋሽ የወጣባት ቀዳዳ ይህች ቃል ነበረች። ባንቺም የገባት ይመስለኛል፤ ወይም እንዳይገባት ፈጥና ዞረች። ወደ አውሮፕላኑ ስትሄድ ካፖርቱ መሬት ይጠርግ ነበር፤ አንድም ጊዜ ዞር አላለችም።

ከሰዓት በኋላ ይታየውን ወደ ጀልባው ስሸኘው ነገርሁት። ቀሚሱን አግኝታዋለች፣ ማን እንደሆነ ግን አልነገርኋትም አልሁት። መሸጋገሪያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ።

«ማን እንደሆነ አልጠየቀችም?»

«ጠየቀች። ኋላ አትንገሪኝ አለች።»

አለቀሰ፤ ለእናቱ ያለቀሰው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ እስከዚያ የእሷን መንገድ ሲጠብቅ ነበር። ጀልባው ሲጠራ ተነሥቶ ነጠላውን አራገፈ። «እንግዲያው ለመራዊው ልጅ አልጽፍም» አለኝ። «እንደያዘችው ትያዘው።»

አልጻፈም። እትዬ ዘነቡ ሲጠይቁት «በእኔ ይሁን» ብቻ ይላቸው ነበር። ከጀርመን የሚመጣው የባንቺ ደብዳቤ «ለቤተሰቦቼ በሙሉ» ብሎ ይጀምራል፤ ስለ በረዶ ይናገራል፣ ስለ አንድ ግራጫ ዓሣ ይናገራል፤ እናቴ፣ አባቴ የሚል ቃል የለበትም። የሚመለስላትም እንዲሁ ነበር። እኔም አንድ ጊዜ በገዛ እጄ ጻፍሁላት፣ ስለ ልጄ ጥርስ። ሌላ የምጽፈው አልነበረኝም።

ሰኔ ላይ ልትመለስ ሆነ። ከመምጣቷ አንድ ቀን በፊት ይታየው ከደቅ አባቱን ይዞ በጀልባ ገባ። እትዬ ዘነቡ ሽማግሌ እንጥራ፣ ወግ ነው ቢሉት አይሆንም አለ። በማግሥቱ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ መሪጌታን ክንዳቸውን ደግፎ፣ ከሰው ሁሉ ቀድመው እንዲታዩ ከሽቦው አጥር ፊት አቆማቸው። በቀኛቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ባዶውን ተወ፤ እትዬ ዘነቡ ሊጠጉ ሲሉ በእጁ መለሳቸው። ከዚያ ወደ ኋላ መጥቶ ከእኛ ጋር ቆመ። «አንነግራትም፣ ራሷ ታንብበው» አለን።